ውቅያኖስ የተሻገረችው ባልሳ፦ ሜይናርድ ሂልን ሳስታውስ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣላችሁ በሕይወት ሳሉ አግኝቻቸው የማላውቅ፣ ነገር ግን ሁለት ዓመት ያህል በአንድ ከተማ አብረን የኖርን ሰው ናቸው። ሜይናርድ ሂል ይባላሉ፤ ሰው የማይሳፈርባቸው ትንንሽ ሞዴል አውሮፕላኖች ሠሪ ነበሩ። እኔ ወደ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣሁት በ2009 ነው፤ እርሳቸው እዚሁ ከተማ በጁን 2011 በ85 ዓመታቸው አረፉ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስማቸውን የሰማሁት ካረፉ በኋላ ስለሆነ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጅነቴን ያሳለፍኩት ደብረ ዘይት ነው። የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች በቤታችን ጣሪያ ላይ ሲያልፉ እየሰማን ያደግን ልጆች ሁላችንም አውሮፕላን ሠሪዎች ነበርን፤ የበቆሎ አገዳ ልጠን ነጩን ልቡን እናወጣለን፣ ክንፉን ከካርቶን ቆርጠን በስንጥር እንሰካዋለን፣ ከዚያም አጥር ላይ ወጥተን እንወረውረዋለን። አብዛኞቹ በአፍጢማቸው ይደፉ ነበር። እዚህ መጥቼ ሞዴል አውሮፕላን የሚሠራበትን ቀላል እንጨት፣ ባልሳን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ስይዝ ትዝ ያለኝ ያ የአገዳ ልብ ነው፤ ቅልለቱም፣ በጥፍር ሲጫኑት ጎድጎድ ማለቱም አንድ ነው።

ሂል በትምህርታቸው የብረታ ብረት ባለሙያ ሲሆኑ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የአፕላይድ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ሠርተዋል። በሞዴል አውሮፕላን ደግሞ ከ20 በላይ የዓለም ክብረ ወሰኖችን አስመዝግበዋል። በ1970 በርቀት የሚቆጣጠሯትን አንዲት ሞዴል ከ8,000 ሜትር በላይ ከፍታ አድርሰዋል፤ በራስ ዳሸን ላይ ሌላ ግማሽ ራስ ዳሸን ብትደርቡበት እንኳ እዚያ አይደርስም።

እኔን የያዘኝ ግን በእርጅናቸው የሠሩት ሥራ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ አንዲት ትንሽ ሞዴል አትላንቲክን እንድትሻገር ለማድረግ ሲነሡ ዓይናቸው እጅግ ደክሞ በሕግ ዓይነ ስውር ከሚባሉት ተቆጥረው ነበር፤ ጆሯቸውም ከብዶ ነበር። እንደዚያም ሆነው አውሮፕላን ይሠሩ ነበር፤ ዓይን የሚሠራውን ሥራ ለጣቶቻቸው ሰጥተው። ይህን ካወቅሁ በኋላ አንድ ምሽት ለራሴ ሞዴል የቆረጥኩትን የክንፍ ዘንግ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ መብራት ላይ አገላብጬ አይቼ፣ ጨርሻለሁ ብዬ አስቀመጥኩት። ከዚያም ዓይኔን ጨፍኜ አውራ ጣቴን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳሳልፍ፣ መሐል አካባቢ የሙጫ ጠብታ የተወችውን እብጠት አገኘሁ። ዓይኔ ሦስት ጊዜ አልፏታል።

በዚህ ሥራ እንዲህ ያለች እብጠት ቀላል ነገር አይደለችም። ለክብረ ወሰን የምትበር ሞዴል አውሮፕላን ከነነዳጇ ከ5 ኪሎ ግራም እንዳትበልጥ ዓለም አቀፉ ደንብ ይከለክል ነበር። ውቅያኖስ ለመሻገር ከሁለት ኪሎ በላይ ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ክንፉ፣ አካሉ፣ ሞተሩ፣ በራሱ የሚመራት መሣሪያ (አውቶፓይለቱ)፣ ጂፒኤሱና ባትሪው ሁሉ በቀረው ክብደት ውስጥ መብቃቃት አለባቸው። በሌላ አነጋገር ከእንጨቱ የተፋቀች እያንዳንዷ ግራም ወደ ነዳጅ ትለወጣለች፣ ነዳጁም ወደ ርቀት ይለወጣል። ሞተሯ 10 ሲሲ ብቻ ነበር፤ የባጃጅ ሞተር እንኳ የዚህን ሃያ እጥፍ ያህላል። ሂልና ጓደኞቻቸው ያን ሞተር ነዳጅ ጠብ ጠብ እያደረገ እንዲጠጣ አድርገው አስተካከሉት፤ ነዳጁም ለካምፕ ፋኖስና ምድጃ የሚሸጠው የነጠረ ነዳጅ ነበር።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቀደም ብለው የተላኩት አውሮፕላኖች አየርላንድ ሳይደርሱ ቀሩ። ዓመታት የተደከመባቸውን ሥራዎች ባሕር ሲበላቸው ሰብስቦ ሌላ መሥራት፣ ያውም በሰባዎቹ ዕድሜ፣ ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ አስባለሁ።

አምስተኛዋ ኦገስት 9 ቀን 2003 በካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ከሚገኘው ኬፕ ስፒር ከሰው እጅ ተወርውራ ተነሣች። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ያህል ነው። ስሟም «የበትስ እርሻ መንፈስ» ነበር፤ ሜሪላንድ ውስጥ የሙከራ በረራ ያደርጉበት ለነበረው እርሻ መታሰቢያ ነው። ከባሕር ዳርቻው ከራቀች በኋላ መሪዋን የያዘው አውቶፓይለቱ ነው፤ የት እንዳለች የሚነግራቸውም በሳተላይት የምትልከው አጭር መልእክት ብቻ ነበር። በመሐል መልእክቱ ለሰዓታት ተቋረጠ። እነዚያን ሰዓታት ያሳለፈ ሰው ከቀደሙት ጋር ባይቆጥራት ይገርመኛል። ግን እየበረረች ነበር።

ከ38 ሰዓታት በኋላ፣ ኦገስት 11 ቀን፣ አየርላንድ ውስጥ ክሊፍደን አቅራቢያ በሚገኘው ማኒን የባሕር ዳርቻ ሰማይ ላይ ታየች፤ አብራሪዎቹ አልኮክና ብራውን በ1919 ያለ ማረፍ አትላንቲክን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሻግረው ያረፉት በዚያው አካባቢ ነበር። የሂል ቡድን አባል ዴቭ ብራውን የሬዲዮ መቆጣጠሪያውን ይዘው ሣሩ ላይ አሳረፏት። ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ በርራ ነበር፤ በነዳጅ መያዣዋ የቀረው ነዳጅ አንድ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም።

ሂል ግን እዚያ አልነበሩም። ኒውፋውንድላንድ ሆነው በስልክ ይከታተሉ ነበር። ቢኖሩም ያ ዓይናቸው ከሰማይ ለይቶ ላያያት ይችል ነበር። በደከመው ጆሯቸው «አርፋለች» የሚለውን ቃል ሰሙ፣ ባለቤታቸውንም አቅፈው አለቀሱ።