አፍና ዓይን ሲለያዩ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። የግራ ፊቴ ድንገት በተጣመመ ጊዜ የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቀው ነበር፤ የጣና ንፋስ መትቶት ነው ተባለ። ሐኪሙ ግን ቤልስ ፓልሲ አለው። ስሙ የተወሰደው የፊትን ነርቮች በ1821 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ካብራራው ከስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ከቻርልስ ቤል ሲሆን፣ ሕመሙ የሚመጣው የፊትን ጡንቻዎች የሚያዝዘው ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ በጠባቡ የአጥንት መተላለፊያው ውስጥ ሲያብጥ ነው። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ፤ እኔ ከቀሩት ወገን ነኝ።

የተጎዳ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን ሁሉም የነርቭ ክር የቀድሞ ቦታውን አያገኝም። ወደ አፍ ይሄድ የነበረው ክር የዓይን ቆብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በዚህ የተነሳ አንጎሌ «ፈገግ በል» ብሎ ትክክለኛውን ትእዛዝ ቢሰጥም የግራ ዓይኔ ይጨፈናል። ምራቅ ያመነጩ የነበሩ ክሮች ወደ እንባ ዕጢ ሲዞሩ ደግሞ ሰው እየበላ ያለቅሳል፤ ሐኪሞች ይህን የአዞ እንባ ይሉታል። ሐይቁ ዳር ዓሣ ስበላ ያየኝ አስተናጋጅ ሚጥሚጣው የበዛብኝ መስሎት ውኃ ያመጣልኛል፤ እኔም አመስግኜ እጠጣለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከነርቩ በላይ፣ አንጎል ውስጥ የሚሆነው ነው። ተመራማሪዎች የአይጦችን የፊት ነርቭ በቆረጡ ጊዜ፣ ጢማቸውን ያዝዝ የነበረው የአንጎል ክፍል በሰዓታት ውስጥ የፊት እግርንና የዓይን አካባቢን ጡንቻዎች ማዘዝ ጀመረ፤ ባለቤቱ ጦም ያሳደረውን ማሳ ጎረቤት ገፍቶ እንደሚያርሰው ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት አዲስ ግንኙነት ሊበቅል ስለማይችል፣ ግንኙነቱ ቀድሞም ነበረ፣ ታፍኖ ግን ቆይቶ ነበር ማለት ነው። አንጎል ራሱን ይጠግናል ሲባል ሰዎች የሚደሰቱትን ያህል እኔ አልደሰትም፤ አንጎል የሚለወጠው በተደጋገመለት ነገር ነው፣ የተደጋገመው ስሕተት ቢሆንም እንኳ።

አክስቴ ባየችኝ ቁጥር «ጠንከር አድርገህ ሳቅ እንጂ፣ ልጄ!» ትለኛለች። ምክሯ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ በኃይል መሳቅ አፍንና ዓይንን ይበልጥ ያቆራኛል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬ ያስተማረችኝ ተቃራኒውን ነው፤ መስታወት ፊት ተቀምጬ የአፌን ጥግ በዝግታ አነሣለሁ፣ ዓይኔ ሊጠብ ሲል እተወዋለሁ። መስታወቱ ለጌጥ አይደለም፤ የእጅና የእግር ጡንቻዎች ምን ያህል እንደተሳቡ ለአንጎል የሚነግሩ ጥቃቅን መሣሪያዎች ሲኖሯቸው፣ የፊት ጡንቻዎች ግን ከሞላ ጎደል የላቸውም፤ ስለዚህ አንጎል የገዛ ፊቱን በዓይን ማየት ያስፈልገዋል።

የፊት ነርቫቸው ጨርሶ የጠፋባቸው ሰዎች ከዚህ የከበደ ትምህርት አለባቸው። ቀዶ ሐኪሞች የምላስን ነርቭ ከፊት ጡንቻ ጋር ያገናኙላቸዋል፤ መጀመሪያ ፈገግ ለማለት ምላሳቸውን መግፋት አለባቸው፣ ከብዙ ልምምድ በኋላ ግን አንዳንዶቹ ምላሳቸውን ሳያስቡ ፈገግ ይላሉ። ከእነርሱ አንጻር የእኔ ሥራ ቀላል ነው፤ የሚጠበቅብኝ አፌንና ዓይኔን ማለያየት ብቻ ነው። «ኡ» የሚለውን ድምፅ ዓይኔ ሳይጨፈን ማሰማት ችያለሁ፤ «ኢ» ገና ነው።