አፕል ፕሮሰሰር ሲቀይር ድሬዳዋ ምን ይደርሳታል?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣው አፕል የማክ ኮምፒውተሮቹን ከኢንቴል ፕሮሰሰር ወደ ራሱ ቺፕ ያሻገረበትን መንገድ፣ እንዲሁም ይህ ሽግግር ያገለገለ ዕቃ ገዝተን ለምንሠራው ለእኛ ለድሬዳዋ ሰዎች ምን ይዞ እንደሚመጣ ነው። ፕሮሰሰር የምለው በኮምፒውተሩ ውስጥ ትእዛዞችን የሚፈጽመውን ቺፕ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩባንያው ፕሮሰሰር ሲቀይር ይህ ሦስተኛው ነው። በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማክ የሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰር ነበረው። በ1994 ከአይቢኤምና ከሞቶሮላ ጋር ተባብሮ ወዳዘጋጀው ፓወርፒሲ ዞረ፤ በጁን 2005 ስቲቭ ጆብስ ወደ ኢንቴል እንደሚሻገሩ አስታወቀ፤ በጁን 2020 ደግሞ ቲም ኩክ ኢንቴልን ትተው በራሳቸው ቺፕ እንደሚሠሩ ተናገረ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኤም1 የተባለው ቺፕ ገበያ ላይ ዋለ።

ሁለቱን የኋለኞቹን ሽግግሮች ጎን ለጎን ስመለከታቸው የጋራ ምክንያታቸው ሙቀት ሆኖ አገኘዋለሁ። ጆብስ በ2003 ጂ5 የተባለው ፓወርፒሲ በአንድ ዓመት ውስጥ 3 ጊጋኸርዝ ይደርሳል ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ አልደረሰም። በ2004 የወጣው ፈጣኑ የጠረጴዛ ማክ በፈሳሽ እየቀዘቀዘ የሚሠራ ነበር፤ ጂ5 ያለው ላፕቶፕ ግን ጨርሶ ሳይሠራ ቀረ። ስለዚህ ጆብስ ኢንቴልን ሲመርጥ ያቀረበው መለኪያ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ዋት ኤሌክትሪክ የሚገኘው ሥራ ነበር። ከዓመታት በኋላ ኢንቴል ራሱ 14 ናኖሜትር በሚባለው የቺፕ አመራረት ደረጃ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይና ቀጣዩ ደረጃ ሲጓተትበት፣ ያው መለኪያ ተመልሶ በእርሱ ላይ ፈረደበት።

ላፕቶፕ በመጠገን ለሚተዳደር የድሬዳዋ ሰው ይህ የወረቀት ላይ ክርክር አይደለም። ፋን የሚያቀዘቅዘው በክፍሉ ውስጥ ባለው አየር ነው፤ በሰኔ ቀትር አየሩ ራሱ ወደ 35 ዲግሪ ሲጠጋ ከፕሮሰሰሩ ሙቀትን የመቀበል አቅሙ ያንኑ ያህል ያንሳል፤ ፕሮሰሰሩም ወደ 100 ዲግሪ ሲቃረብ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዚህ ላይ አቧራው አለ። ለጥገና ከሚመጡልኝ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ስከፍታቸው ፋናቸው በአቧራ ተደፍኖ፣ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባትም ደርቆ ይገኛል። ኤም1 ያለው ማክቡክ ኤር ግን ፋን የለውም፤ አቧራ የሚስብበት ቀዳዳም አያስፈልገውም። ረጅም ቪዲዮ ሲሠራበት እርሱም መዘግየቱ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ለእንዲህ ያለ አየር ከዚህ የተሻለ የላፕቶፕ አሠራር ገጥሞኝ አያውቅም።

ሆኖም ኤም1 ሲወደስ የምንሰማው ስለ ፍጥነቱና ስለ ባትሪው ሲሆን፣ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የድሮዎቹ ፕሮግራሞች ሳይቆሙ መቀጠላቸው ነው። አንድ ፕሮሰሰር የሚያውቀው የራሱን የትእዛዝ ስብስብ ብቻ ነው። የኢንቴል ትእዛዞች ርዝመት ከ1 እስከ 15 ባይት ይለያያል፤ የአፕል ቺፕ የሚጠቀምበት አርም የተባለው የትእዛዝ ስብስብ ግን እያንዳንዱ ትእዛዙ ሁልጊዜ 4 ባይት ስለሆነ፣ ቺፑ አንዱ ትእዛዝ የት እንደሚያልቅ ሳይፈልግ ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ መፍታት ይችላል። ስለዚህ ለኢንቴል የተጻፈ ፕሮግራም በአዲሱ ማሽን ላይ እንዳለ ሊሠራ አይችልም። ሮዜታ 2 የተባለው ሶፍትዌር ፕሮግራሙን አብዛኛውን ጊዜ ገና ሲጫን፣ ካልሆነም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት፣ ወደ አርም ትእዛዝ ይቀይረዋል።

ከዚህ በታች ደግሞ የማይታይ ብልሃት አለ። በኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ አንዱ ኮር፣ ማለትም ራሱን ችሎ ትእዛዝ የሚፈጽም የፕሮሰሰሩ ክፍል፣ ወደ ሜሞሪ የጻፈውን ሌሎቹ ኮሮች በተጻፈበት ቅደም ተከተል ማየት አለባቸው፤ አርም ግን ይህን አያስገድድም። ቅደም ተከተሉን በሶፍትዌር ብቻ ለማስከበር ቢሞከር የተቀየረው ፕሮግራም በእጅጉ ይዘገያል። አፕል የተቀየረ ፕሮግራም በሚሠራበት ጊዜ ብቻ የኢንቴልን ቅደም ተከተል የሚያስከብር ማብሪያ በቺፑ ውስጥ አስገባ። ቺፑንም ሶፍትዌሩንም አንድ ቤት ካልሠራቸው ይህን ማሰብ ይከብዳል።

የድሬዳዋ ሰው የዚህን ዋጋ ለመረዳት ከባቡራችን ሌላ ምሳሌ አያሻውም። በ1902 ከተማችን የደረሰው የፈረንሳዮቹ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ደግሞ 1,435 ሚሊሜትር ነው። በከዚራው አሮጌ ጣቢያ ያሉት ፉርጎዎች በአዲሱ ሐዲድ ሊሄዱ አይችሉም፣ የሚያሻግራቸውም አልተሠራላቸውም። አፕል ለአሮጌዎቹ ፉርጎዎች ጊዜያዊ ጎማ ሠራላቸው ማለት ነው።

ጊዜያዊ ማለቴ በምክንያት ነው። የመጀመሪያው ሮዜታ በ2006 መጥቶ በ2011 ተወገደ። ሁለተኛውም ለአንዳንድ አሮጌ ጨዋታዎች ከሚቀረው ክፍሉ በስተቀር ከማክ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከማክኦኤስ 27 በኋላ እንደማይቀጥል ኩባንያው አስታውቋል። የመጨረሻው የኢንቴል ማክ እስከ ጁን 2023 ይሸጥ ነበር፤ ልክ ከሁለት ዓመት በኋላ ማክኦኤስ 26 ለኢንቴል ማሽኖች የመጨረሻው እንደሚሆን ተነገረ። አዲስ ዕቃ በየጊዜው ለሚገዛ ሰው ይህ አይከብደውም። እኛ ዘንድ ግን ማሽኑ የሚደርሰው የመጀመሪያው ባለቤት ሲተወው ነው፤ የመጀመሪያው ባለቤት የሚተወውም ብዙ ጊዜ ድጋፉ ሊያበቃ ሲቃረብ ነው። ሽግግሩ በምህንድስና ረገድ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የጊዜ ሰሌዳው ግን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ገዢ ከቁጥር አላስገባም።

በከተማችን ታይዋን ገበያ ዋጋው ረክሶ ያየውን ማክ ይዞ የሚመጣ ሰው፣ በድሬ ልማድ፣ «አቦ፣ አንተ ደግሞ፣ ማክ እኮ ማክ ነው» ይለኛል። አይደለም። በስክሪኑ ላይ ከላይ በግራ ጥግ ያለውን የአፕል ምልክት ነክታችሁ የመጀመሪያውን መስመር ስትከፍቱ «ቺፕ» የሚል ከመጣ ማሽኑ የአፕል ቺፕ ያለው ነው፤ «ፕሮሰሰር» የሚል ከመጣ የኢንቴል ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እዩ። ራሙንም፣ ማለትም ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበትን ሜሞሪ፣ አስቀድማችሁ አስቡበት፤ በአዲሶቹ ላይ ከቺፑ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ በኋላ እኔም ሆንኩ ሌላ ጠጋኝ ልንጨምርላችሁ አንችልም።

የሂሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። በአገራችን ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። በኢንቴል ማክ ላይ ቡት ካምፕ በተባለው መንገድ ዊንዶውስን ጭኖ ፒችትሪን ማሠራት ይቻል ነበር፤ በአፕል ቺፕ ላይ ቡት ካምፕ የለም። በዚህ ምክንያት ኢንቴሉን ፈልገው የሚገዙ አሉ፤ ነገር ግን ቡት ካምፕ በይፋ የሚቀበለው እስከ ዊንዶውስ 10 ድረስ ብቻ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። የመሥሪያ ቤታቸውን ሂሳብ የሚይዙበት ማሽን ለሚፈልጉ ሰዎች የምመክረው በዚያው ገንዘብ ደህና የዊንዶውስ ላፕቶፕ እንዲገዙ፣ ፋኑንም በየጊዜው እንዲያስጠርጉ ነው።