ቁጥሩን ማን ያውቃል? የሶቪየት ጦርና የምስጢሩ ዋጋ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ሶቪየት ኅብረት ጦር እንዳወራ ነው። ስለ ታንክና ስለ ሚሳይል መስማት የምትፈልጉ ትኖራላችሁ። እሱም ይመጣል። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ግዙፍ ጦር ምን እንዳለውና ስንት እንደሚበላ፣ አገር ይመራሉ ከሚባሉት ሰዎች እንኳ የሚያውቁት በጣም ጥቂቶች ነበሩ። ያ አገር የወደቀው በአሜሪካ ሚሳይል ፍርሃት ብቻ ነው የሚሉኝን አልቀበልም። አንዱ ትልቅ ሕመም ይሄ ነው። ዓመት ስጠራ፣ ካልነገርኳችሁ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ከፊንላንድ ዋና ከተማ ከሄልሲንኪ ልጀምር። ኅዳር 1969 ላይ ሁለቱ ኃያላን የኑክሌር መሣሪያን ለመገደብ እዚያ መደራደር ጀመሩ። የሶቪየት ልዑክ መሪ ሲቪል ነው፤ ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቭላድሚር ሴምዮኖቭ። የልዑኩ ከፍተኛ ወታደር ደግሞ ጄኔራል ኒኮላይ ኦጋርኮቭ። በድርድሩ ወቅት አሜሪካኖቹ የሶቪየትን ሚሳይሎች እየጠቀሱ ዝርዝር ያነሳሉ። ሳተላይት አላቸው፤ ያያሉ። ኦጋርኮቭ ታዲያ አንዱን አሜሪካዊ ገለል አደረገና እንዲህ ያለውን ነገር በእኛ ሲቪሎች ፊት ባታነሱት ይሻላል አለው። ወታደራዊ ጉዳይ ነው፣ እነሱን አይመለከትም ነው ነገሩ።

አያችሁ? ተቀናቃኝ የሚያውቀውን የገዛ ልዑክ መሪ እንዳይሰማው ተቀናቃኝን መለመን! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ይሄኔ ነው። ሶቪየቶቹ በድርድሩ ላይ ስለ ራሳቸው ሚሳይል ሲነጋገሩ እንኳ ምዕራባውያን ባወጡለት ስም እየጠሩ ነበር። የሞስኮ ተመራማሪዎችም ስለ አገራቸው መሣሪያ ሲጽፉ የምዕራብ ሕትመት ይጠቅሱ ነበር። የራሳቸው አገር ቁጥር ለእነሱ ዝግ ነው።

ይሄ በታች ባሉት ላይ ብቻ የሚሠራ አይምሰላችሁ። በ1983 ጎርባቾቭ፣ ኋላ የአገሪቱ መሪ የሆነው፣ የፖሊት ቢሮ ማለትም የኮሚኒስት ፓርቲው ከፍተኛ የውሳኔ አካል አባል ነበር። ኢኮኖሚውን እንዲያይ ታዟል። እሱና የሥራ ባልደረባው ሪዥኮቭ የመንግሥትን በጀት እንይ ብለው የፓርቲውን ዋና ጸሐፊ፣ ማለትም የአገሪቱን መሪ አንድሮፖቭን ጠየቁ። አንድሮፖቭ ሳቀባቸው። አበዛችሁት፣ በጀቱን አታዩም አላቸው። ይህን የተናገረው ጎርባቾቭ ራሱ ነው። ኢኮኖሚ አስተካክል የተባለ ሰው የወጪውን ትልቁን ክፍል ሳያይ ምኑን ያስተካክላል?

ታዲያ ማን ነበር የሚወስነው? የመከላከያ ሚኒስትሩ ዲሚትሪ ኡስቲኖቭ አንዱ ነው። ሙያው መሐንዲስነት ነው። በ1941፣ በ32 ዓመቱ፣ ስታሊን የጦር መሣሪያ ምርት ኃላፊ አደረገው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የጨረሰው ከፋብሪካ ጋር ነው። ማርሻል የሚባለውን ትልቁን ወታደራዊ ማዕረግ የደረበው በ1976 ሚኒስትር ሲሆን ነው። ስለዚህ በዚያ አገር የመከላከያ ፖሊሲ ሲባል ግማሹ የፋብሪካ ፖሊሲ ነው።

ታንኮቹን እንያቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሶቪየት ኅብረት ሦስት ዋና ታንክ በሦስት ከተማ በአንድ ጊዜ ታመርት ነበር። ቲ 64 ካርኮቭ፣ ቲ 72 ኒዥኒ ታጊል፣ ቲ 80 ሌኒንግራድ። ቲ 72ን እኛም አገር እናውቀዋለን። ሦስቱም 125 ሚሊሜትር መድፍ ይሸከማሉ። ሦስቱም ሦስት ሰው ነው የሚይዙት። መድፉን የሚያጎርሰው ማሽን ነው። ከሩቅ ለሚያያቸው ወንድማማቾች ናቸው። ሞተራቸውን ስትከፍቱ ግን አይተዋወቁም። የቲ 64 ሞተር ፒስተኖቹ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ናፍጣ ነው። ቲ 72 ባለ 12 ሲሊንደር፣ መካኒክ ሁሉ የለመደው ዓይነት ናፍጣ አለው። ቲ 80 ደግሞ እንደ ሄሊኮፕተር በተርባይን ነው የሚሄደው፤ ነዳጅ ይጠጣል፣ አይገልጸውም። እስቲ የመለዋወጫ መጋዘን ኃላፊውን አስቡት። ሦስት ዓይነት ሞተር፣ ሦስት ዓይነት ሥልጠና፣ ሦስት ዓይነት ዕቃ፤ ለአንድ ዓይነት ሥራ።

ይሄንን የጠየቀው የጦር ሜዳ አልነበረም። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ንድፍ ቢሮ፣ የራሱ ከተማ፣ ሞስኮ ላይ የራሱ ሰው አለው። አንዱን ዝጋ ማለት አንዱን ባለሥልጣን ማስቀየም ነው። ስለዚህ ሁሉም ይቀጥላል። ሂሳቡን የሚያይ ሰው ስለሌለ በቃ የሚል ድምፅም የለም።

ጄኔራሎቹን ግን አሳንሼ መናገር አልፈልግም። ሥራቸውን ያውቁ ነበር። የጠላትን ግንባር በፊት ለፊት ከመግፋት ይልቅ ጀርባውንና ግንባሩን በአንድ ጊዜ መምታት የሚለውን ሐሳብ በ1930ዎቹ እነ ማርሻል ቱካቼቭስኪ አብስለውታል። ስታሊን ቱካቼቭስኪን በ1937 ረሸነው። በወቅቱ ከነበሩት አምስት ማርሻሎች ሦስቱ በዚያ ጊዜ ጠፉ። ሐሳቡ ግን በኋላ ተመልሶ የጦሩ ትምህርት ሆነ።

እኛም አይተነዋል። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚያ ዘመን የዘመታችሁ ከእኔ ይልቅ ትናገራላችሁ። ሞስኮ መጀመሪያ ያስታጠቀችው የሶማሊያውን መሪ ዚያድ ባሬን ነበር። በኋላ ወደ እኛ ዞረች። ሶቪየት ሠራሽ ታንክ በሁለቱም ወገን ቆመ። ከ1977 መጨረሻ ጀምሮ መሣሪያ በአየርና በባሕር ጎረፈ፤ ኩባውያን መጡ፤ የሶቪየቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ መጣ። ጅጅጋን ለማስለቀቅ ካራማራን ፊት ለፊት መግጠም ብቻ በቂ አልነበረም። ስለዚህ ከባድ ሄሊኮፕተሮች ሰውና ቀላል ተሽከርካሪ እያነሱ ከተራራው ጀርባ አወረዱ። የካቲት 26 ቀን 1970፣ ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ጅጅጋ ነጻ ወጣች። ደሙ የእኛና የኩባውያን ነው። የዕቅዱ አስተሳሰብ ግን ከዚያ ከ1930ዎቹ ትምህርት ጋር ይዛመዳል።

እንዴት እንደሚዋጉ ያውቁ ነበር። ለምን እንደሚዋጉ የሚከራከሩበት ቦታ ነው ያልነበራቸው። ታኅሣሥ 1979ን ውሰዱ። አፍጋኒስታን ይገባ ወይስ አይገባ የሚለውን የወሰኑት በጣት የሚቆጠሩ ሽማግሌዎች ናቸው። የውሳኔዋን ወረቀት ከፖሊት ቢሮ አባላት አንዱ ቼርኔንኮ በእጁ ጻፋት፤ ለታይፒስት እንኳ አልታመነችም። የአገሪቱ ስም የለባትም፤ «ኤ» ብቻ ነው የሚለው። ጦር ይግባ የሚል ቃልም የለባትም፤ እነ አንድሮፖቭ ያቀረቡት እርምጃ ጸድቋል ነው የምትለው። ሆድ ይፍጀው ዓይነት ነገር።

ኦጋርኮቭ ያኔ የጦሩ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ነበር። አይበጅም ብሎ ተቃወመ። ፖለቲካውን የሚያስብ ሌላ ሰው አለ፣ አንተ የታዘዝከውን ፈጽም ተባለ። ሄልሲንኪ ላይ ይሄ ሲቪሎቹን አይመለከትም ያለው ሰው፣ አሁን እሱንም አይመለከትህም አሉት። ጦርነቱ ከ9 ዓመት በላይ ፈጀ። ወደ 15,000 የሚጠጉ የሶቪየት ወታደሮች ሞቱ፤ የአፍጋኑ እልቂት ደግሞ ከዚህ እጅግ የበለጠ ነው።

ኦጋርኮቭ ግን ዝም አላለም። ግንቦት 1984 ላይ የጦሩ ጋዜጣ «ቀይ ኮከብ» ላይ ወጣ። ኑክሌር መቆለል ትርጉም እያጣ ነው፤ ዒላማውን የማይስት አዲስ መሣሪያና ኤሌክትሮኒክስ ጦርነትን እየቀየረ ነው አለ። ለአንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛም የባሰውን እንደነገረው ጋዜጠኛው በኋላ ጽፏል። በእናንተ አገር ሕፃናት በኮምፒዩተር ይጫወታሉ፤ በእኛ መከላከያ ሚኒስቴር በየቢሮው እንኳ የለም። ለመድረስ የኢኮኖሚ አብዮት ያስፈልገናል፤ ያ ደግሞ ያለ ፖለቲካ አብዮት መምጣቱ ያጠያይቃል። አስቡት፣ ይሄንን የሚለው የሶቪየት ማርሻል ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከሥልጣኑ ተነሳ።

ቁጥሩ የተነገረው ግንቦት 1989 ላይ ነው። ለዚያ ዓመት በይፋ የተጻፈው የመከላከያ በጀት 20.2 ቢሊዮን ሩብል ነበር። ጎርባቾቭ በሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ፊት ቆሞ እውነተኛው 77.3 ቢሊዮን ነው አለ። አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው! እዚያው አገር ያሉ ኢኮኖሚስቶች ይሄም አንሷል ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ሳይቋጭ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ አገሩ ራሱ ፈረሰ።

የእኔ ይሄው ነው። ጥያቄ እቀበላለሁ። ግን መጀመሪያ ከካራማራ ዘማቾች አንዳችሁ የሄሊኮፕተሮቹን ነገር ብታወሩልን ደስ ይለኛል። ማይኩን ወደዚያ አቀብሉልኝ።