የወይዘሮ ማሚቱ እጆች

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አዋላጅ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ!

የሥራ ሪፖርቱ እጃችሁ ላይ ነው። ሒሳቡን ከሻይ በኋላ እንሰማለን። እኔ ግን መጀመሪያ ስለ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ላጫውታችሁ።

ወይዘሮ ማሚቱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ቀናት ሙሉ አምጠው ልጃቸውን አጡ። በዚያ ላይ ፊስቱላ ያዛቸው። ለእንግዶቻችን ስል ልናገረው፦ ምጥ ሲረዝም የልጁ ጭንቅላት ተቀርቅሮ ይቀራል። የተጫነው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፣ ይቀደዳል። ከዚያ ሽንት ሌት ተቀን ይፈሳል።

አዲስ አበባ ሲደርሱ ያከሟቸው ዶ/ር ሬጅና ዶ/ር ካትሪን ሃምሊን ነበሩ። ባልና ሚስቱ በ1959 እ.ኤ.አ. ለ3 ዓመት ኮንትራት ነበር ከአውስትራሊያ የመጡት። እዚሁ ቀሩ። በ1974 እ.ኤ.አ. የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ዶ/ር ካትሪን በ2020 ያረፉትም እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ወይዘሮ ማሚቱም አገራቸው አልተመለሱም። አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ። ቀጥሎ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተው ማገዝ። ዶ/ር ሬጅ መስፋት አስተማሯቸው። ፊደል ሳይቆጥሩ ያደጉት ሴት ለተማሩ ሐኪሞች አሠራሩን የሚያሳዩ ሆኑ። በ1989 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሦስቱም የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ የእርሳቸውም ስም ነበረበት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስታው ያስለቅሰኛል።

የእኔም ቤት ታሪክ ነውና። እናቴ የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው በአራት ቀን ምጥ ነው። ለሕክምና ስትመጣ አውቶቡስ ላይ ነጠላዋን አራት አጥፋ ከሥሯ አነጠፈች፣ ወንበሩ እንዳይረጥብ። የሰፏትን ሐኪም ስም ዛሬም አታውቅም። የምታስታውሰው የሽንት ቱቦው ከወጣ በኋላ ጠዋት ጠዋት መጥተው «ደረቅሽ?» ሲሏት ነው። «ደርቄያለሁ» ያለች ቀን አልጋዋን በእጇ ዳብሳ ዳብሳ አላምን አለች። ስትወጣ አዲስ ቀሚስ ሰጧት። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ በኦፕራሲዮን።

ወገኖቼ፣ እኛ ምጡን በሰዓት ከተከታተልን፣ አምቡላንሱን ሳይመሽ ከጠራን፣ ብዙዎቹ እናቶች እዚያ አልጋ ላይ አይደርሱም። ሃምሊኖች የጀመሩት ሆስፒታልም በ2007 እ.ኤ.አ. የአዋላጆች ኮሌጅ የከፈተው ለዚህ ነው። ዘንድሮ ዕቅዳችን ላይ የገጠር ጤና ጣቢያ ጉብኝቱን ያስቀደምኩት ይህን ይዤ ነው። እባካችሁ ስትወያዩበት ቶሎ አትለፉት።

እናቴ ከኋላው ረድፍ ተቀምጣለች። ቀሚሱን ለብሳ ልትመጣ ፈልጋ ነበር፣ ጠበባት። ይኸው፣ አጥፋ ያመጣችው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። በሻይ ሰዓት ቀርባችሁ እዩት።

ጉባኤው ተከፍቷል።