ዘይቱ ጠዋት ለምን ይረጋል?

[ምስል፦ ጅማ፣ ማለዳ። መስኮት ላይ ያደሩ ሁለት የዘይት ጠርሙሶች]

ጅማ ማለዳ ላይ ቀዝቀዝ ይላል። ሁለቱን ጠርሙሶች እዩዋቸው። የፓልም ዘይቱ ነጣ ብሎ ረግቷል። የሱፍ ዘይቱ ግን እንዳለ ፈሳሽ ነው። ያደሩት አንድ ቦታ ነው። ታዲያ ምን ለያቸው?

[ምስል፦ የተከመረ ፍልጥ]

ቅባት የተሠራው ከረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች ነው። ሰንሰለቱ ቀጥ ያለ ከሆነ እንደዚህ ፍልጥ ተጠጋግቶ ይደረደራል። ስለዚህ ይረጋል። ሳቹሬትድ የሚሉት ይህን ነው። የሱፍና የኑግ ዘይት ሰንሰለት ደግሞ መሃሉ ላይ ይጎብጣል። ጎባጣ እንጨት መቼም ተደርድሮ አይገጥምም። ይህ አንሳቹሬትድ ነው።

[ምስል፦ ቅቤ ሲነጠር]

የፓልምም የቅቤም ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ነው። ሲበዛ ኤልዲኤል የተባለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ይጨምራል፤ እሱ ደግሞ የልብ ደም ሥሮችን ያጠባል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከምናገኘው ካሎሪ ከ10 በመቶ አይለፍ ይላል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 22 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን ወደ 8 ግራም ይይዛል። ሦስት ማንኪያ ከሆነ አለፈ ማለት ነው።

ቅቤ ተዉ ልላችሁ አይደለም። ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት የተነጠረ ቅቤ ለዶሮ ወጥ የግድ ነው። የየቀኑን ሽሮ ግን በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት ሥሩት።

እኔን ከሁሉም የሚያስፈራኝ ትራንስ ፋት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ፈሳሽ ዘይት ላይ ሃይድሮጂን በከፊል ሲጨመር፣ ከጎበጡት ሰንሰለቶች ብዙዎቹ ቀጥ ይላሉ። ዘይቱም ይጠነክራል። ይህ ቅባት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ ያደርጋል። ሁለቱንም በአንዴ! የዓለም ጤና ድርጅት ለእሱ ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን ከምናገኘው ካሎሪ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ማርጋሪን ወይም ብስኩት ስትገዙ እሽጉን አንብቡ። «ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ» የሚል ካለበት መልሱት።

[ምስል፦ አቮካዶ]

ደግነቱ ጅማ አቮካዶ አላት። 100 ግራሙ 15 ግራም ያህል ቅባት ቢኖረውም ሳቹሬትዱ 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ካሎሪው ግን ያው ነው፤ የትኛውም ቅባት በግራም 9 ካሎሪ አለው።

[ምስል፦ ቀትር፣ ያው መስኮት]

አሁን ፀሐይ ወጥታለች። ፓልሙም ቀልጦ ሱፉን መስሏል። ሄርማታ ገበያ በዚህ ሰዓት ከሄዳችሁ በዓይን አትለዩትም። ዘይት ጠዋት ግዙ።