ሰውዬው ነው ወይስ ማሽኑ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

እዚህ ጎንደር በሚተላለፈው የአድማጮች ሰዓታችን የዚህ ሳምንት ርዕስ ሂዩማን ፋክተርስ ኢንጂነሪንግ ነበር። ማሽንን፣ ዕቃንና አሠራርን ከሰው አካልና አእምሮ ጋር አስማምቶ የመሥራት ሙያ ነው። ሰዓት ስላጠረን በጥድፊያ የመለስኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ።

ከአዘዞ፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት፦ «ሁለት ወፍጮ አለኝ፤ አንዱ የጤፍ፣ አንዱ የበርበሬ። ማብሪያዎቻቸው ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ናቸው። የሚሠራልኝ ልጅ የጤፉን አጥፋ ስለው የበርበሬውን ያጠፋል። ብመክረው፣ ብቆጣው አልሆነም። ከደሞዙ ልቁረጥ?»

ጋሼ፣ እባክዎ አይቁረጡ። ልጁ ምንም አልሆነም። ችግሩ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ማብሪያዎች ጎን ለጎን ካሉ፣ ሥራ ሲበዛ እጅ ይሳሳታል። እሱን አባርረው ሌላ ቢቀጥሩ ያኛውም ይሳሳታል።

ሙያችን ይህን የተማረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ቢ-17 የሚባል የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነበር። አብራሪዎቹ በሰላም ካረፉ በኋላ ድንገት የማረፊያ ጎማውን ወደ ውስጥ ያጥፉታል። አውሮፕላኑ በሆዱ መሬት ላይ ይተኛል። ከዚያ «የአብራሪ ስህተት» ተብሎ ይመዘገባል። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን አብራሪውን ትቶ ኮክፒቱን፣ የአብራሪውን ክፍል፣ መረመረ። የጎማው ማንሻና የፍላፑ፣ ማለትም ክንፉ ላይ ያለው ተጣጣፊ ክፍል፣ ማንሻ ጎን ለጎን ነበሩ፤ መልካቸውም አንድ ነው። ሰውዬው ፍላፑን ሊያጥፍ ብሎ ጎማውን ያጥፋል። ቻፓኒስ በጎማው ማንሻ ጫፍ ላይ ትንሽ የጎማ ቅርጽ፣ በፍላፑ ማንሻ ላይ ደግሞ ሽብልቅ መሳይ ነገር እንዲደረግ አሳሰበ። አብራሪው ሳያይ፣ በመዳበስ ብቻ መለየት ቻለ። ዛሬም በአውሮፕላን ውስጥ የጎማው ማንሻ ጫፍ ጎማ ይመስላል።

እርስዎም ኤሌክትሪሻን ይጥሩና እያንዳንዱን ማብሪያ ወደየወፍጮው ያስጠጉት። እስከዚያው በቀለም ይለዩዋቸው። በርበሬ ቀይ ነው ብለው ግን ቀይ አይቀቡት። ቀይን ለድንገተኛ ማቆሚያው ያቆዩልኝ። እሱም ትልቅ፣ በክንድ ጭምር የሚመታ ይሁን።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር፤ ዝም ማለት አልችልም። የወፍጮው ቺንጋ ክፍት ከሆነ ዛሬውኑ በብረት መከለያ ይሸፍኑት። ነጠላ የለበሱ እናቶች እህላቸውን ይዘው አጠገቡ ይቆማሉ። ቺንጋው የነጠላ ጫፍ ካገኘ ሴትዮዋንም ይስባል። «ተጠንቀቁ» የሚል ጽሑፍ ይህን አያስቀርም፤ መከለያ ግን ያስቀራል።

አንዲት ነርስ፦ «የታካሚዎች ሞኒተር ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። አሁን አሁን ጆሮዬ ለምዶት አልሰማውም። ሰንፌ ይሆን?»

አልሰነፍሽም እህቴ። ከሚጮኸው አብዛኛው ምንም እርምጃ የማይፈልግ ሲሆን፣ አእምሮ ድምፁን መናቅ ይማራል። ማንም ሰው ቢሆን እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1979 አሜሪካ ውስጥ በስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ሲነሳ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ አላርም ጮኸ። ሠራተኞቹ የትኛውን ይስሙ? በዚያ ላይ አንድ መብራት አሳሳታቸው። መብራቱ ቫልቩ፣ ማለትም የውሃው መክፈቻና መዝጊያ፣ እንዲዘጋ ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ በእርግጥ መዘጋቱን አያሳይም ነበር። ቫልቩ ክፍት እንደሆነ ከ2 ሰዓት በላይ የማቀዝቀዣው ውሃ ፈሰሰ።

ድምፁን ግን አታጥፊው። የአላርሙ ገደብ ለየታካሚው እንዲስተካከል ሐኪሙን ጠይቂ። ደረት ላይ የሚለጠፉትን ኤሌክትሮዶች በየቀኑ ቀይሪ፤ ቆዳውንም አጽጂና አድርቂ። የውሸት ጩኸቱ ይቀንሳል። ጉዳዩንም ለኃላፊሽ አሳውቂ፤ አንቺ ብቻሽን የምትሸከሚው አይደለም።

ከአራዳ፣ አንድ አባት፦ «ትኬቴ ላይ 8:00 ይላል። በ8 ሰዓት ስደርስ አውሮፕላኑ ጠዋት ሄዷል አሉኝ። ጥፋቱ የማን ነው?»

የእርስዎ አይደለም አባቴ። ያ 8:00 የአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ቀናችንን ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥር ሕዝብ ባለበት አገር ይህን ሳያብራራ የሚሸጥ አሠራር ራሱ ጎዶሎ ነው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በአውሮፓ 8:00» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር አይሞላም። እስከዚያው ሲቆርጡ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብለው ይጠይቁና በእስክሪብቶ ያጽፉበት።

ከማራኪ፣ የምህንድስና ተማሪ፦ «ሁሉንም ነገር ማሽን ቢሠራው የሰው ስህተት ይጠፋ የለ?»

አይጠፋም ወንድሜ። ስህተቱ ማሽኑን ወደነደፈው ሰው ይዞራል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀውንና 157 ሰዎች ያለቁበትን የበረራ 302ን አደጋ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ ከ4 ወር በላይ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ ሲስተም ከአንድ ሴንሰር ብቻ በመጣ የተሳሳተ መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፋው። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት አብራሪዎች ሲስተሙ መኖሩ እንኳ አልተነገራቸውም ነበር። ነዳፊዎቹ አብራሪው በጥቂት ሰከንድ ችግሩን ለይቶ ያስተካክላል ብለው ገምተዋል። በማስጠንቀቂያ ጩኸት መሃል፣ መሪው እየተንቀጠቀጠ፣ ይህ ግምት ለሰው የሚሆን አልነበረም። ሊሳን ቤይንብሪጅ የተባለች እንግሊዛዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1983 እ.ኤ.አ. ይህን ጽፋዋለች፦ አውቶሜሽን፣ ሥራን ለማሽን መስጠት፣ ቀላሉን ሥራ ይወስድና ከባዱን፣ ያውም ድንገተኛውን፣ ልምምድ ለጎደለው ሰው ይተውለታል።

ስለዚህ የመመረቂያ ፕሮጀክትህን ስትሠራ፣ ሳትጨርሰው በፊት ምንም ለማያውቀው ሰው ስጠው። አታስረዳው። አጠገቡ ሆነህ ዝም ብለህ እይ። እጁ ያመነታበትን ቦታ ሁሉ ጻፍ፤ የምታስተካክለው እዚያ ላይ ነው።