የማን ስምንት ሰዓት?

ሰላም ሰላም፣ እንደምን አመሻችሁ። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ይቅርታ። ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ወሩ ኅዳር ነው። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሰው ደብረ ብርሃን አድሮ አያውቅም ማለት ነው።

የምቀዳው ከመድኃኒት ክፍላችን ሆኜ ነው። ጠባብ ናት፣ ግን በሯ ሲዘጋ ነፋስ አታስገባም። ከጀርባ ጉርርር የሚለው ፍሪጁ ነው። ኢንሱሊን ስላለበት ላጠፋው አልችልም። አንዳንድ እንግዶች «በዚህ ብርድ ደግሞ ፍሪጅ ምን ይሠራል?» እያሉ ይስቃሉ። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ በረዶ ከሠራ ደግሞ ይበላሻል። ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ፍሪጁ ከሙቀት ብቻ ሳይሆን ከብርድም ይጠብቅልናል። እንዲህ ነው ኑሯችን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ።

አዲስ ለሆናችሁ፣ ነርስ ነኝ። የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የመጦሪያውን ስም አልጠራም፣ የእናቶቻችንንና የአባቶቻችንንም ስም አልጠራም። ዛሬ የማወራችሁ የመድኃኒት ትዕዛዝ እኛ ጋ እንዴት እንደሚደርስና ስለ አንድ ስህተት ነው። ስህተቱ የእኔ ነው። ይኸው ቀድሜ ተናገርኩ።

ድሮ ትዕዛዝ የሚመጣው በኪስ ነበር። አረጋዊው ሆስፒታል ሄደው ሲመለሱ አብሯቸው የሄደው ልጅ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከጃኬቱ ያወጣል። ጽሑፉ ይነበባል አይነበብም፣ እንደ ሐኪሙ እጅና እንደ ዕድላችሁ ነው። ከዚያ ቴሌግራም መጣ። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ይልኩልናል፣ ሁለት ራይት ይታያል፣ ላኪው «አይተውታል» ብሎ ይተኛል። ያየነው ግን ፎቶውን ነው። የወረቀቱ ጫፍ ተቆርጦ «0.5» የሚለው ላይ ነጥቧ ጠፍታ «05» ሆና የመጣችበት ቀን አለ። በዚያ ቀን ደውዬ ባልጠይቅ ኖሮ ምን እንደሚፈጠር አላስበውም።

ከዓመት በፊት ደግሞ ታብሌት መጣልን። ውጭ አገር ያሉ መጦሪያዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው። ሐኪሙ እዚያ ሆኖ ያዛል፣ እኛ ጋ ይገባል፣ ነርሷ አይታ «ተቀብያለሁ» የሚለውን ትነካለች። ከዚያ በየሰዓቱ የሚሰጠው መድኃኒት ከአረጋዊው ፎቶ ጋር ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ተንከባካቢዋ ሰጥታ ምልክት ታደርጋለች። በሰዓቱ ከተሰጠ አረንጓዴ፣ ካለፈ ቀይ።

እውነቴን ነው፣ ወደድኩት። የእጅ ጽሑፍ መፍታት ቀረ። በጓንት አለመሥራቱ ብቻ ነው ያናደደኝ። በዚህ ብርድ ጓንት አውልቄ ነው የምነካው።

አሁን ወደ ነገሩ።

አንዲት እናት አሉን። ከመንዝ ናቸው፣ ልባቸው ደካማ ነው፣ እግራቸው ያብጣል። ፉሮሰማይድ 40 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ታዘዘላቸው። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ሲታዘዝ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ በጊዜ ይሰጣል። ማታ አይሰጥም፣ ምክንያቱም ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለሱ ያድራሉ። እዚህ አገር ደግሞ ሌሊት ከብርድ ልብስ መውጣት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አንድ አረጋዊ በጨለማ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ መውደቅ ማለት የዳሌ አጥንት ማለት ነው።

ስክሪኑ ላይ እንዲህ ተብሎ መጣ፤ 08:00 እና 14:00።

ስማቸውን አየሁ፣ ልክ ነው። የካርድ ቁጥራቸውን አየሁ፣ ልክ ነው። መጠኑን ከበፊቱ ጋር አስተያየሁ፣ ልክ ነው። «ተቀብያለሁ» ብዬ ነካሁ። በማግሥቱ የእኔ እረፍት ነበር።

በዚያ ቀን የነበረችው ተንከባካቢ አዲስ ልጅ ናት፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ ብርዱ የመጣች። ጎበዝ ናት። ጠዋት እማማ «ልጄ፣ ያቺ የምታሸናኝ ክኒን ዛሬ የት ሄደች?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷ ታብሌቱን አየች። 08:00 ይላል። «እማማ፣ በ8 ሰዓት ነው» አለቻቸው። ስምንት ስምንት ነው፣ ምን ታድርግ?

ምሳ ተበላ፣ 8 ሰዓት ሆነ። 08:00 የሚለውን ክኒን አነሳች። ከዚያ 14:00 የሚለውን አየች። በእኛ ሰዓት 14 የሚባል የለም። ስለዚህ እንዳስተማርናት 6 ቀነሰች። ስንት መጣላት? ስምንት!

አያችሁ? የመጀመሪያውን በሐበሻ ሰዓት አነበበችው፣ ሁለተኛውን ከፈረንጅ ሰዓት ቀየረችው፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ወደቁ። «ለካ ሁለት ክኒን ባንድ ጊዜ ነው የታዘዘላቸው» ብላ አሰበች። ሁለቱንም ሰጠቻቸው።

እማማ ከሰዓት በኋላ ሦስት አራቴ ተመላለሱ። በመጨረሻው ሲነሱ ዞረባቸው፣ የአልጋውን ብረት ይዘው ቆሙ፣ ደግነቱ ሰው አጠገባቸው ነበር። ግፊታቸው ወርዶ ነበር። ለሐኪም ተደወለ፣ እግራቸው ከፍ ተደርጎ ተኙ፣ እየተከታተሏቸው አመሻሽ ላይ ተሻላቸው። እኔም ተጠርቼ መጣሁ። ሲያዩኝ «ሲስተርዬ፣ ጠዋት ጠይቄ ነበር እኮ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታብሌቱስ? ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ቀይ ሲያበራ ውሏል። ግን እኛ ጋ ሁሌም ቀይ ነው። ኔትወርክ ሲሄድ የተሰጠው ሁሉ እንዳልተሰጠ ሆኖ ቀይ ይሆናል፣ ኔትወርክ ሲመጣ አንድ ላይ አረንጓዴ ይሆናል። ቀይ ማየት ለምደናል። የተለመደ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ጌጥ ነው።

በማግሥቱ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው «ልጅቷ ትጠየቅ» አለ። የምትጠየቀው እኔ ነኝ አልኩ። ተቀብያለሁ ብዬ የነካሁት እኔ ነኝ። 08:00ን ሳይ በጭንቅላቴ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብዬ ቀየርኩት፣ ለሌላ ሰው ግን አልቀየርኩትም። ትርጉሙ እኔ ጋ ቀርቶ ቁጥሩ ብቻ አለፈ።

የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? ያዘዙት ሐኪም ራሳቸው ለበሽተኛ በአፍ ሲናገሩ «ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይውሰዱ» ነው የሚሉት። ሰዓታቸው የእኛው ሰዓት ነው። እጃቸው ስክሪን ሲነካ ብቻ ፈረንጅ ይሆናሉ። አልፈርድባቸውም፣ ማሽኑ ሌላ ምርጫ አልሰጣቸውም። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። በዚህ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ ስለዚህ ቆጠራችን ያስኬዳል። ማሽኑ የተሠራው ግን ክረምትና በጋ የፀሐይ መውጫ በሰዓታት በሚለያይበት አገር ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋገርን። አሁን ከቁጥሩ አጠገብ በቃል ይጽፉልናል፤ «ጠዋት ከቁርስ በፊት»፣ «ከምሳ በኋላ»፣ «ሊተኙ ሲሉ»። እኔም ቃሉን ሳላይ አልቀበልም። ታብሌቱ ጀርባ ላይ ደግሞ ወረቀት ለጥፈናል፣ ያቺው የሸዋ ሮቢቷ ልጅ ናት የሠራችው። ፀሐይ ሥላበታለች። ጨረቃዋ ግን እንጀራ ነው የምትመስለው።

ሰዓቱን ካነሳን ቀኑም አለ። 03/09 ቢላችሁ ምንድን ነው? ለእኔ እናት ግንቦት 3 ነው። ለአንዱ ፈረንጅ ሴፕቴምበር 3፣ ለሌላው ማርች 9። ማብቂያው 2025 የሚል ካርቶን ይዘው «ገና ሰባት ዓመት አለው» ብለው የመጡ ቤተሰብ አሉ። ያኔ እኛ 2018 ላይ ነበርና።

በጳጉሜን ግን ታብሌቱን አመሰግነዋለሁ። የወር መድኃኒት 30 ክኒን ነው፣ ወራችንም 30 ቀን ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ሲገጥም ይቆያል። ነሐሴ 2 የተሰጠ መድኃኒት ጳጉሜን 1 ያልቃል። ቀጠሮው መስከረም 2 ነው። አምስት ቀን ባዶ፣ ያውም በዘመን መለወጫ፣ ያውም ለግፊትና ለስኳር መድኃኒት። በየዓመቱ የዕንቁጣጣሽ ሰሞን የሚታመሙብን ነበሩ፣ እኛም «ጮማው ነው» እንል ነበር። ታብሌቱ ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯን አያውቅም። ክኒን ብቻ ይቆጥራል፣ «ሊያልቅ ነው» ይላል። አለማወቁ ጠቀመን።

ስምም ሌላ ጉድ ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሃይ፣ ጸሀይ። ለእኛ አንድ ሰው ናት፣ ለማሽኑ አራት ሰው። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ተዉት። አንዲት እማሆይ አሉን፣ ሲመነኩሱ ስማቸው ተቀይሯል። ሆስፒታል በመታወቂያቸው ስም ያውቃቸዋል፣ እኛ በምንኩስና ስማቸው። ሁለት ፋይል ተከፍቶላቸው ኖሯል። አንደኛው ላይ ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው ተጽፏል፣ ሌላኛው ላይ ባዶ ነው። አሞክሳሲሊን የታዘዘላቸው በባዶው ፋይል ነበር። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ዘመድ ነው። ያስታወሰው ታብሌቱ አይደለም፣ ዘበኛችን ናቸው። «እኚህ እናት ባለፈው መርፌ ወግተዋቸው ፊታቸው አላበጠም እንዴ?» አሉ። ከበር ሆነው!

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። ሰዓቱን አስተካከልነው፣ ስሙንም እያስተካከልን ነው። ይሄ ግን ከባድ ነው። «ጀምሩ» የሚለው ትዕዛዝ ይመጣል፣ «አቁሙ» የሚለው አይመጣም።

አንድ አባት ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ይወስዱ ነበር። ደረቅ ሳል ያዛቸው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሳል ሲይዝህ ማንም ሰው መድኃኒት አይጠረጥርም። ብርዱ ነው። ዝንጅብል ተፈላ፣ ዳማከሴ ተጨመቀ፣ ጋቢ ላይ ጋቢ ተደረበ። ሁለት ወር ሳሉ። ኢናላፕሪል አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፣ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው፣ እኔም ተምሬዋለሁ። ግን ብርዱ ቀድሞኝ መልስ ሰጠኝ።

በኋላ ሐኪሙ ነገሩን ለይተው ወደ ሎሳርታን ቀየሩላቸው። ለእሳቸው «ቀየርኩ» ነው። ስክሪኑ ላይ የመጣው ግን «ሎሳርታን፣ አዲስ» ብቻ ነው። ኢናላፕሪሉ እዚያው ተቀምጧል፣ በየጠዋቱ እየወጣ «ስጡ» ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰጡ ግፊት ከመጠን በላይ ሊያወርዱ፣ ኩላሊት ሊጎዱ፣ ፖታሲየም ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ፖታሲየም ሲበዛ ደግሞ ልብ ይረበሻል። ለሦስት ቀን ሁለቱንም ወስደዋል። በአራተኛው ቀን ክኒን ስደለድል ነው ያየሁት፣ ለእሳቸው ካርቶኖቹ በዝተውብኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2017 በመድኃኒት የሚደርስ ጉዳትን ለመቀነስ ዘመቻ ሲጀምር ቅድሚያ ከሰጣቸው ሦስት ነገሮች አንዱ ይሄ ነበር፤ በሽተኛው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲዛወር። ሌላው ደግሞ ብዙ መድኃኒት ባንድ ላይ መውሰድ ነው። የእኛ ቤት ሰዎች ሁለቱንም ናቸው።

እና አሁን አዲስ ትዕዛዝ ሲመጣ አዲሱን መስመር ብቻ አላይም። ሙሉውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ሌላ ሰው ካርቶኖቹን ይዞልኝ። አዲሱ የመጣው በማን ቦታ ነው? ማን ይውጣ? ካልገባኝ እደውላለሁ። «ሲስተር፣ ሲስተሙ ላይ አለ እኮ» ይሉኛል አንዳንዴ፣ በሰለቸ ድምፅ። አውቃለሁ፣ አለ። ለዚያ ነው የደወልኩት።

አንድ ነገር ረስቼ፤ ጾም። በጾም እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምሱ አሉን፣ የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ። በባዶ ሆድ ግሊቤንክላማይድ መስጠት ስኳራቸውን ጣል ማድረግ ነው። ታብሌቱ ያለው ምርጫ «ወስደዋል» ወይም «እምቢ ብለዋል» ነው። እምቢ አላሉም እኮ! እግዜርን አስቀደሙ እንጂ። አሁን ጾሙ ሳይገባ ከንስሐ አባታቸውም ከሐኪሙም ጋር እንነጋገራለን። የንስሐ አባት ሲፈቅዱላቸው ይበላሉ። እኔ ብለምን ግን እስከ ፋሲካ አይሰሙኝም።

እንዴ... ሰማችሁት? ጥሪው ታብሌቱ ነው። ቆይ... 20:00 ይላል። የምሽቱ 2 ሰዓት። አጠገቡ «ከእራት በኋላ» ተብሎ ተጽፏል፣ ጎሽ። የመንዟ እናታችን ናቸው፣ የምታሸናቸው ክኒን ሳትሆን ሌላዋ ናት። ክኒኑን ስሰጣቸው መጀመሪያ «የማን ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቁኛል፣ ካልመለስኩ አፋቸውን አይከፍቱም።

ልሂድ፣ እንዳይቀላብኝ። ደህና እደሩ።